ዳንግላ ሞቶ እንጅባራ የቆመ ፈረስ

(እንጅባራ፤ የአንድ የፈረስ ግልቢያ ክበብ የምዝገባ ክፍል። ጥር ነው፤ አርብ፤ አምስት ሰዓት ከሩብ። ሀብቱ የክበቡ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ ሃያ ሰባት ዓመቱ። የፈረሶቹን መዝገብ ከወረቀት ወደ ማሽን ያሻገረው እሱ በመሆኑ ከፈረሰኞቹ ይልቅ ደረቱን ነፍቶ የሚሄደው እሱ ነው፤ ፈረስ ላይ ግን አንድ ቀን ወጥቶ አያውቅም። ይኸነው የዳንግላ ባለጋሪ ነው፤ ስድሳን አልፏል። ጠዋት ከዳንግላ ተነሥቶ እዚህ ድረስ ጋልቧል፤ ጋቢው በአቧራ ቀልሟል፤ ወገቡ ደግሞ የራሱ ወገብ አልመስለው ብሏል። በሚመጣው ሳምንት ለሚደረገው የፈረስ ውድድር መመዝገብ የሚያበቃው ዛሬ ስድስት ሰዓት ነው። ያመለጠው ለከርሞ። ከተከፈተው የመስኮት ፍርግርግ ጋር የታሰረ አንድ ዳማ ፈረስ አንገቱን ወደ ክፍሉ አስገብቶ ክርክሩን ያዳምጣል።)

ሀብቱ፦ አያ ይኸነው፣ ስንት ጊዜ ልንገርዎት? የሞተ ፈረስ መስኮቴ ላይ አይታሰርም።

ይኸነው፦ እኔስ ስንት ጊዜ ልንገርህ? አልሞተም።

ሀብቱ፦ ሲስተሙ ሞቷል ይላል።

ይኸነው፦ ታዲያ መጋረጃህን የሚበላው ማነው?

(ሀብቱ ዞር ሲል የመጋረጃው ግማሽ የለም። የቀረውን ይዞ ይጎትታል። ዳማም ይጎትታል። ዳማ ያሸንፋል።)

ሀብቱ፦ ይሄ... ይሄ ምንም አያረጋግጥም!

ይኸነው፦ መጋረጃ አላምጦ ካላረጋገጠልህ ምን ያድርግ? ይፈርም?

ሀብቱ፦ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ከዳንግላ ቅርንጫፋችን «ፈረሱ በሕይወት አለ» የሚል ማስረጃ ያምጡ።

ይኸነው፦ ፈረሱ እዚህ ቆሞ፣ መኖሩን ዳንግላ ሄጄ ልጠይቅ?

ሀብቱ፦ ፈረስ ስለ ራሱ መመስከር አይችልም።

ይኸነው፦ ከዳንግላ እዚህ ሦስት ሰዓት እንኳ ሳይሞላው ያመጣኝ እሱ ነው! ሬሳ ላይ ተቀምጬ ነው እንዴ የመጣሁት?

ሀብቱ፦ አይቆጡ፤ ይቀመጡ። በቀላሉ ላስረዳዎት።

ይኸነው፦ በቀላሉ ከሆነ ቆሜም ይገባኛል።

(ቆሞ የሚቀረው ተቀምጦ መነሣቱን ስለፈራ ነው፤ ወገቡን ያውቀዋል።)

ሀብቱ፦ መዝገቡ ያለው ሁለት ኮምፒውተር ላይ ነው። አንዱ ይኸውና፤ ሌላው ዳንግላ ነው። ሁለቱ በኔትወርክ ይነጋገራሉ። እዚህ የተጻፈው እዚያ ይደርሳል፤ እዚያ የተጻፈው እዚህ ይደርሳል። ስለዚህ ፈረስዎ ሁለት ቦታ አለ።

ይኸነው፦ ሁለት ቦታ?

ሀብቱ፦ ሁለት ቦታ።

ይኸነው፦ (ፊቱ ፈክቶ) እሰይ! እንግዲያማ ይሄኛው ይሮጣል፤ የዳንግላው ጋሪዬን ይጎትታል። ምኑን ተጨነቅሁ!

ሀብቱ፦ አይ፣ አይ! ፈረሱ አንድ ነው። ሁለት የሆነው ቅጂው ነው።

ይኸነው፦ ቅጂው ጋሪ ይጎትታል?

ሀብቱ፦ አይጎትትም።

ይኸነው፦ ገብስ ይበላል?

ሀብቱ፦ አይበላም።

ይኸነው፦ አይጎትት፣ አይበላ፤ እንግዲያ የሞተው እሱ ነዋ! እግዜር ነፍሱን ይማር። በል ይሄኛውን መዝግብ።

ሀብቱ፦ (ግንባሩን ይዞ) ነገሩን ከሥሩ ካልያዙት አይገባዎትም። በኛ ሙያ እያንዳንዱ ፈረስ አንድ ኦብጀክት ነው።

ይኸነው፦ ምንድን ነው?

ሀብቱ፦ ኦብጀክት። ማለት የራሱ ስም አለው፤ ዕድሜ አለው፤ መልክ አለው። የሚያደርጋቸው ነገሮችም አሉት፤ ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ይዘላል።

ይኸነው፦ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት የተቀመጥከው ፈረስ መልክ እንዳለው ለማወቅ ነው? ዳንግላ ጋሪ ማቆሚያ ብትመጣ በአንድ ጠዋት እናስመርቅህ ነበር።

ሀብቱ፦ ገና ነኝ! ልጅ ደግሞ ከወላጁ ይወርሳል። ፈረስ ከጋማ ከብት ይወርሳል፤ ውርንጭላ ከእናቱ ይወርሳል። ሁሉም አንድ አንድ ወላጅ አለው።

ይኸነው፦ በቅሎስ?

ሀብቱ፦ በቅሎ... በቅሎ ከፈረስም ከአህያም... (ይንተባተባል) ከሁለት ወላጅ መውረስ በኔ ሲስተም አይፈቀድም።

ይኸነው፦ ታዲያ በቅሎ ይዞ የመጣን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ?

ሀብቱ፦ «ሌላ» የሚል ቦታ አለ።

ይኸነው፦ ለካ ለዚህ ነው! በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» ያለችው፣ አንተ ዘንድ ልትመዘገብ መጥታ ነው።

(ሀብቱ አይስቅም። ይኸነውም ብዙ አይስቅም። በበሩ የገባችውን ፀሐይ ያያል፤ ጥላው ወደ ደፉ እየተጠጋ ነው።)

ይኸነው፦ የእናት ነገር ከተነሣ፣ ጠዋት ዳንግላ ቢሯችሁ ጎራ ብዬ አንድ ሞት አስመዝግቤያለሁ። የዳማን እናት፣ የቦራን። ትናንት ሞተችብኝ።

ሀብቱ፦ እግዜር ያጥናዎት። (ለፈረስ እንዲህ ይባል አይባል እንደሆን ግራ ገብቶት) ማለት... ያጥናዎት።

ይኸነው፦ አሜን። አሥራ አራት ዓመት ጋሪ ጎትታ ልጆቼን ያሳደገችልኝ እሷ ናት። በሕይወቷ አንድ ቀን ሮጣ አታውቅም፤ ቀንበር ላይ ኖረች፣ ቀንበር ላይ ሞተች። እንዲያ ስትወድቅ አይቼ፣ «በይ ተኚ፤ ልጅሽ ግን አንድ ቀን ያለ ጭነት ይሮጥልሻል» አልኳት። ቃል ነው የገባሁላት። ለከርሞ እኔም መኖሬን እንጃ፤ ወገቤም ያኔ እዚህ ድረስ አያደርሰኝም። ስለዚህ ዛሬ ካልተመዘገበ አይመዘገብም።

ሀብቱ፦ ቆይ፣ ቆይ። የእናትየውን ሞት ነው ያስመዘገቡት? (ቁልፎቹን ይቀጠቅጣል) አሃ! ተገኘ! በሲስተሙ እናት ስትሞት ከሥሯ የተመዘገቡ ልጆች አብረው ይሞታሉ።

ይኸነው፦ የማን ሕግ ነው?

ሀብቱ፦ የኔ።

ይኸነው፦ ስለ ምን እንዲህ ጨከንክ?

ሀብቱ፦ ጭካኔ አይደለም፤ ጥራት ነው። እናቱ የሌለችው ውርንጭላ መዝገብ ውስጥ ብቻውን እንዳይንከራተት ብዬ ነው።

ይኸነው፦ ምኑ ነው ውርንጭላ? ስድስት ዓመቱ ነው! ጥርሱን ላሳይህ?

ሀብቱ፦ አያሳዩኝ! አምናለሁ።

ይኸነው፦ የኔ እናት ካረፈች ሠላሳ ዓመት አልፏታል። እስቲ እኔንም ፈልገኝ፤ አለሁ?

(ሀብቱ ሳያስበው የይኸነውን ስም መጻፍ ይጀምራል፤ ከዚያ ያፍርና ይሰርዘዋል።)

ሀብቱ፦ ምክንያቱ ከታወቀ መድኃኒቱ ቀላል ነው። እኔው ራሴ አስነሣዋለሁ። ይኸው፦ «ዳማ፤ በሕይወት አለ»። ተጫንኩት። አዩት? አረንጓዴ ሆነ።

ይኸነው፦ ተባረክ! እጅህ ይለምልም!

ሀብቱ፦ ሙያ ማለት ይሄ ነው፣ አያ ይኸነው።

(ኮምፒውተሩ «ጢጥ» ይላል።)

ይኸነው፦ ምን አለ?

ሀብቱ፦ ሞተ።

ይኸነው፦ ማን?

ሀብቱ፦ ዳማ። እንደገና።

(ዳማ ፉር ይላል። የመጋረጃው ክር ከአፉ ተንጠልጥሏል።)

ሀብቱ፦ ግድ የለም፤ እንደገና ነው። በሕይወት አለ! (ጢጥ።) ሞተ። በሕይወት አለ! (ጢጥ።) ሞተ። በሕይወት...

ይኸነው፦ ኧረ ተው! አልዓዛር እንኳ አንዴ ነው የተነሣው። ፈረሴን አታድክምብኝ፤ ገና ይሮጣል።

ሀብቱ፦ እኔ አይደለሁም! ዳንግላ ነው! እኔ እዚህ ባስነሣሁት ቁጥር የዳንግላው ኮምፒውተር «ሞቷል» እያለ ይመልስብኛል። ጥሩ፤ ሌላ መላ አለኝ። አዲስ ፈረስ አድርጌ አስገባዋለሁ። አዲስ ስም፣ አዲስ ቁጥር።

ይኸነው፦ አስገባው! ስሙን ምን ብትለው አይቀየምም።

ሀብቱ፦ ስም... ዕድሜ... ኧረ ማሽኑ ራሱ ሞላው፤ «ዛሬ የተወለደ»።

ይኸነው፦ ይሁን፤ እንኳን ማርያም ማረችው። መዝግበው።

ሀብቱ፦ ግን ከአራት ዓመት በታች የሆነ አይሮጥም።

ይኸነው፦ እና አራት ዓመት እዚህ በርህ ላይ ልጠብቅ?

ሀብቱ፦ (ሰርዞት) አይሆንም። እንግዲህ የሲስተሙ ሕግ እንዲህ ነው፤ ሁለት ቃል ሲጋጭ የኋለኛው ይጸናል። መጨረሻ የጻፈ ያሸንፋል። እንጅባራ ይሁን ዳንግላ፣ ዞን ይሁን ወረዳ፣ አያዳላም።

ይኸነው፦ መልካም ሕግ ነው። ለሽምግልና ስንቀመጥም ሰውን የምንይዘው በኋለኛ ቃሉ ነው። ታዲያ መጨረሻ የጻፈው ማነው?

ሀብቱ፦ እኔ! አሁን፣ ዐይንዎ እያየ!

ይኸነው፦ ያሸነፈውስ?

ሀብቱ፦ ዳንግላ።

(ሁለቱም ኮምፒውተሩን ያያሉ። ይኸነው እንዲህ ያለ መቆም የሚያውቀው ጋሪ አቀበት መሐል ሲቆም ነው፤ ያኔ አለንጋ አያነሣም፤ ወርዶ ጎማውን ያያል።)

ይኸነው፦ እንግዲህ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ አላዋቂ ነው ብለህ አትሳቅብኝ።

ሀብቱ፦ ኧረ ይጠይቁ። (ሊስቅ ተዘጋጅቷል።)

ይኸነው፦ ለዳንግላዋ ልጅ ለምን አትደውልላትም? ጠዋት የጻፈችልኝ የምሥራች የምትባል ልጅ ናት። የሷ ጽሕፈት ከጸና እሷው «አለ» ብላ ትጻፈው። ያሰረ ይፍታ ነው።

(ሀብቱ ለመሳቅ የተዘጋጀበት ፊት ይጠፋዋል።)

ሀብቱ፦ አልደውልም።

ይኸነው፦ ምነው?

ሀብቱ፦ ሲስተም ተዘርግቶ ስልክ መደወል ኋላ ቀርነት ነው። ሁለቱ ማሽኖች ራሳቸው ተነጋግረው ይግባቡ።

ይኸነው፦ እስኪግባቡ ስድስት ሰዓት ይሞላል!

ሀብቱ፦ ይሙላ። እኔ ለእሷ አልደውልም።

ይኸነው፦ ኧረ አንተ ልጅ! ስለ ቦራ ስል ልለምንህ። ሰው ለምኜ አላውቅም፤ ለፈረሴ ግን እለምናለሁ። ምን አድርጋህ ነው?

(ሀብቱ ኮምፒውተሩን፣ ጣራውን፣ የተበላውን መጋረጃ ያያል፤ የሚያመልጥበት ያጣል።)

ሀብቱ፦ እንግዲያ ይስሙት። የምሥራችና እኔ በሥራ ምክንያት ተላምደን ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ደፈርኩና ቀጠርኳት። እሁድ፣ ስምንት ሰዓት፣ ዘንገና ሐይቅ ዳር። በሲስተሙ ላክሁላት፤ «እሺ» ብላ መለሰች። ፀጉሬን ተስተካክዬ፣ ሽቶ ተቀብቼ ሄድኩ። ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻዬን ቆምኩ። ያነጋገረኝ ጦጣ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ እኔም አልጻፍኩ፣ እሷም አልጻፈች። አሁን ገባዎት?

(ይኸነው ቀስ ብሎ ቀና ይላል። እጁ ሳያውቀው ወገቡ ላይ ወደሻጠው አለንጋ ሄዷል።)

ይኸነው፦ ለካ አንተ ነህ!

ሀብቱ፦ ማን?

ይኸነው፦ ጠዋት የቦራን ሞት ስትጽፍልኝ ልጅቱ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እኔ ለቦራ መስሎኝ «አይዞሽ ልጄ፣ ዕድሜዋን ጠግባ ነው የሞተችው» ብዬ አጽናናኋት። «እኔስ የማለቅሰው ለራሴ ነው» አለችኝ። አንድ የእንጅባራ ሰው ዘንገና ቀጥሯት ቀረ። በዚያ በጠዋት ብርድ ከሁለት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ተኮራምታ ጠብቃ፣ ጉንፋን ተሸክማ ተመለሰች። «እሱን ሰው ባገኘው በዚህ አለንጋ» ብዬ ምዬላት ነው የመጣሁት።

ሀብቱ፦ ውሸት ነው! በጠዋት ማን አላት? ስምንት ሰዓት ነው ያልኳት! መልእክቱ አለ፤ ይኸው ያንብቡት፤ «እሁድ 8:00፣ ዘንገና»!

ይኸነው፦ (ተጠግቶ ያነባል) እውነትህን ነው። ስምንት ይላል።

ሀብቱ፦ አላልኩዎትም?

ይኸነው፦ ይሄ ጥግ ላይ ያለው ቁጥርስ?

ሀብቱ፦ እሱ ሰዓት ነው። 5:42።

ይኸነው፦ ልክ ነው፤ ፀሐይቱም እንዲያ ትላለች። የሷ ማሽን ግን ያበደ ነው። ጠዋት ሁለት ተኩል ላይ ስገባ እሱ 8:30 ይላል። «ልጄ፣ ማሽንሽ ምን አስቸኮለው? እኔ ቁርሴን ሳልበላ እሱ ምሳውን በላ» ብያት እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች።

ሀብቱ፦ (ይስቃል፤ በመጨረሻ የሚያውቀው ነገር ተገኘ) አያ ይኸነው ይሙቱ! እሱ እኮ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የኛ ሁለት ተኩል ለነሱ ስምንት ተኩል ነው። ኮምፒውተር ሁሉ ከፋብሪካ እንዲያ ሆኖ ነው የሚመጣው።

ይኸነው፦ ያንተስ?

ሀብቱ፦ የኔማ ሊቀ መንበራችን አቶ ስንታየሁ እያዩ ሲደናገሩ ጊዜ እኔ ራሴ ወደ ሐበሻ ሰዓት መለስኩት። አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ይኸነው፦ የሷንስ?

ሀብቱ፦ የሷን አልነካሁትም። ምን አገባኝ፤ ዳንግላ ነው።

ይኸነው፦ መልካም። እኔ ባለጋሪ ነኝ፤ ቶሎ አይገባኝም፤ እንደገና አስረዳኝ። መጨረሻ የጻፈ ያሸንፋል አልክ?

ሀብቱ፦ ያሸንፋል።

ይኸነው፦ መጨረሻ መጻፉን ማሽኑ በምን ያውቃል?

ሀብቱ፦ በሰዓት ነዋ!

ይኸነው፦ በማን ሰዓት?

(ሀብቱ ጣቱን ወደ 5:42 ይቀስራል፤ ከዚያ ወደ ዳንግላ አቅጣጫ። ጣቱ መሐል ላይ ይቀራል። ዳማ እንኳ ማኘኩን አቁሟል።)

ሀብቱ፦ እሷ የጻፈችው... 8:30 ላይ። እኔ የምጽፈው... 5:42 ላይ።

ይኸነው፦ እንግዲያ አንተ የምትናገረው እሷ ከመናገሯ በፊት ነው። ጠዋቱን ሙሉ ፈረሴን የምታስነሣው ገና ሳይሞት ነው ማለት ነው።

ሀብቱ፦ ወይኔ!

ይኸነው፦ ቆይ፤ አላለቀም። «8:00» ብለህ ጻፍክላት። አንተ በዚህ ማሽን አይተህ ከሰዓት አልክ። እሷ በዚያ ማሽን አይታ ጠዋት አለች። ሁለታችሁም አልቀራችሁም፤ ሁለታችሁም በሰዓታችሁ መጣችሁ።

ሀብቱ፦ (ወንበሩ ላይ ዘጭ ብሎ) ብርድ ላይ... ሦስት ሰዓት ሙሉ... እኔ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሰላም አላልኳትም።

ይኸነው፦ ኀዘኑን ኋላ ትቀመጠዋለህ። አሁን ሰዓቱን አቅና።

ሀብቱ፦ (ይፈናጠራል) አዎ! ወደ ፈረንጅ እመልሰዋለሁ። ይኸው፦ 11:48። አሁን ቃሌ ከቃሏ በኋላ ሆነ። ዳማ፤ በሕይወት አለ! አረንጓዴ! ... አልሞተም! አያ ይኸነው፣ አልሞተም!

ይኸነው፦ እልል! መዝግበው!

ሀብቱ፦ መዘገብኩ... (ፊቱ ይጠቁራል።)

ይኸነው፦ ደግሞ ምን ሆነ?

ሀብቱ፦ «ምዝገባው አብቅቷል» ይላል።

ይኸነው፦ ስድስት ሰዓት ገና ነው!

ሀብቱ፦ ማብቂያውን 6:00 ብዬ የጻፍኩት በሐበሻ ነው። አሁን ማሽኑ 11:48 ስለሚል፣ ካበቃ ስድስት ሰዓት ሊሞላው ነው ብሎ ያስባል። ማብቂያው ደግሞ ያለ ሊቀ መንበሩ ፊርማ አይለወጥም፤ እሳቸውም ዛሬ ለቅሶ ሄደዋል። ወደ ሐበሻ ልመልሰው! 5:49። አሁን ምዝገባው ክፍት ነው። ዳማ... (ጢጥ።) ሞተ። ሰዓቱን ስመልሰው የቅድሙን ቃሌንም አብሮ 5:48 አደረገው።

ይኸነው፦ ሰዓቱ ሲቀና በሩ ይዘጋል፤ በሩ ሲከፈት ፈረሱ ይሞታል?

ሀብቱ፦ እንዲያ ነው።

ይኸነው፦ ይሄን ሁሉ ብቻህን ነው የሠራኸው?

ሀብቱ፦ (በዝግታ) ብቻዬን።

ይኸነው፦ እንግዲያ ደውል።

ሀብቱ፦ ምን ብዬ? በምን አፌ?

ይኸነው፦ በዚያው ስታስተምረኝ በዋልክበት አፍ። መጀመሪያ ስለ ዳማ ንገራት፤ ያንተ ሁለት ሳምንት ቆይቷል፣ አሥር ደቂቃ ቢጨመርበት አይገማም። ሁለት ማሽን አነጋግሬአለሁ እያልክ ትፎክራለህ፤ አንተና እሷን ማን ያነጋግራችሁ?

(ሀብቱ ስልኩን ያወጣል። ይኸነው ፀሐይቱን ያያል፤ ከበሩ ደፍ ላይ ሁለት ጣት ያህል ቀርታለች።)

ሀብቱ፦ (በስልክ) ሄሎ... የምሥራች? እኔ ነኝ። ... የትኛው እኔ? ሀብቱ። ... አትዝጊው! ፈረስ ሞቶብኝ ነው። ... የኔ አይደለም። ... አይ፣ ፈረሱም አልሞተም። ... ጤነኛ ነኝ። ... እሱማ አንቺም ልክ ነሽ፣ እኔም ልክ ነኝ፣ ሰዓቱ ነው እንጂ...

ይኸነው፦ አምጣ ወዲህ! (ስልኩን ይቀማል) ልጄ፣ እኔ ነኝ፤ የጠዋቱ ሽማግሌ፣ የቦራ ባለቤት። እናትየው ሞታለች፤ ልጇ አለ። «ዳማ አለ» ብለሽ ቶሎ ጻፊልኝ። ... አዎ፣ አሁኑኑ። ... ሰውየው? አዎ፣ እሱው ነው፤ አገኘሁት። ... አይ፣ አልገረፍኩትም። በሰዓት የሳተ እንጂ ክፉ ሰው አይደለም። እሱም ቆሞ ጠብቆሻል፤ ከጦጣ ጋር። ... ጻፍሽ? እግዜር ይባርክሽ።

(ጢጥ። ሁለቱም ወደ ኮምፒውተሩ ያጎነብሳሉ።)

ሀብቱ፦ ዳማ... በሕይወት አለ።

ይኸነው፦ ጠብቅ፤ ይሙት አይሙት እንይ።

ሀብቱ፦ አይሞትም። ከሷ ቃል በላይ የሚናገር ማሽን የለም። መዘገብኩት! 5:57! ተራ ቁጥር ሠላሳ አንድ፤ ዳማ፤ ባለቤት ይኸነው፤ ዳንግላ!

(ይኸነው ወደ መስኮቱ ሄዶ ግንባሩን ከዳማ ግንባር ጋር ያገጥማል፤ በአዊኛ አንድ ነገር ይነግረዋል። ከቦራ ሞት ወዲህ የታገሠው እንባ አሁን ይመጣል፤ በጋቢው ጫፍ ይጠርገዋል፤ አቧራውም አብሮ ፊቱ ላይ ይለጠፋል።)

ሀብቱ፦ ምን አሉት?

ይኸነው፦ «እናትህ ሄዳለች፤ አንተ ግን አለህ፤ ትሮጥላታለህ» አልኩት።

ሀብቱ፦ አማርኛ አይሰማም?

ይኸነው፦ በአማርኛማ ጠዋቱን ሙሉ ሞተሃል ሲባል ሰምቷል፤ ይበቃዋል። በል ስልክህን እንካ። አሁን ያንተ ተራ ነው።

(ሀብቱ ስልኩን ይዞ ወደ ውጭ ይወጣል። ይኸነውም ወጥቶ በዳማ ጀርባ ላይ ያለውን መደላድል ያጠብቃል። ከግድግዳው ማዶ ልመና፣ ከዚያ የወጣት ሳቅ ይሰማል። ሀብቱ ፊቱ ጥርስ በጥርስ ሆኖ ይመለሳል።)

ሀብቱ፦ ታረቅን! አያ ይኸነው፣ ታረቅን! የፊታችን እሁድ፣ ዘንገና፣ 8:00!

ይኸነው፦ (እጁ መደላድሉ ላይ ይቆማል) በማን?

ሀብቱ፦ አሁንማ ነቅቻለሁ! ስለበደልኳት፣ «ከእንግዲህ እኔ ነኝ ባንቺ ሰዓት የምመጣው» አልኳት።

ይኸነው፦ ጨዋ ልጅ ነህ። እሷስ ምን አለች?

ሀብቱ፦ እሷም ጨዋ ናት። «የለም፤ በሞቴ፣ እኔ ነኝ ባንተ ሰዓት የምመጣው» አለችኝ።

ይኸነው፦ ከዚያስ? በማን ሰዓት ተስማማችሁ?

ሀብቱ፦ ከዚያማ...

(የሀብቱ ፈገግታ ከአንድ ወገን መውረድ ይጀምራል።)

ይኸነው፦ ከዚያማ ምን?

ሀብቱ፦ ኔትወርኩ ተቋረጠ።

(ይኸነው ዳማን ከፍርግርጉ ይፈታል፤ ወገቡን ይዞ፣ «እህ» ብሎ ጀርባው ላይ ይወጣል። ከላይ ሆኖ እጁን ወደ ሀብቱ ይዘረጋል።)

ይኸነው፦ ውጣ ከኋላዬ።

ሀብቱ፦ የት?

ይኸነው፦ ዳንግላ ነዋ። አፍህን ይዘህ ሂድና ራስህ ንገራት።

ሀብቱ፦ እኔ ፈረስ ላይ ወጥቼ አላውቅም!

ይኸነው፦ እሱም ማሽን ውስጥ ገብቶ አያውቅም፤ አስገብተኸው አምስት ጊዜ ሞቶ ተነሣ። አንተ አንዴ ብትወጣ አትሞትም።

(ሀብቱ በመስኮቱ ደፍ ላይ ቆሞ፣ ሁለት ጊዜ ተንሸራቶ፣ በሦስተኛው ይወጣል። የይኸነውን ጋቢ በሁለት እጁ ጨብጦ ዐይኑን ይጨፍናል።)

ሀብቱ፦ አያ ይኸነው... ስንት ሰዓት እንደርሳለን?

ይኸነው፦ በዳማ ሰዓት።

(ዳማ የመጋረጃውን የመጨረሻ ቁራጭ ዋጠ፤ ወደ ዳንግላም ተነሣ።)